የእናትየው ሂሳብ

እንደምን አመሻችሁ። ሰብሳቢያችን ስለ እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ ሕይወትና ሥነ ምግባር ተናገሪ ብሎኛል። ባለፈው ጊዜ እዚሁ «ለድሃ ያዘነ ደራሲ» ተብሎ ሲሞገስ ዝም ብዬ ወጣሁ። ዛሬ ግን አልችልም።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ለንደን ነው፣ እ.ኤ.አ. 1824። አባቱ ጆን የዳቦ ጋጋሪ ዕዳ መክፈል አቅቶት ማርሻልሲ ወህኒ ገባ። ዕዳው 40 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ነበር። እናትየውና ትንንሾቹ ልጆችም ተከትለውት ወህኒ ገቡ፤ ያኔ ይፈቀድ ነበር። ገና 12 ዓመት የሞላው ቻርልስ ግን ውጭ ቀረ። ቴምዝ ዳር፣ አይጥ በወረረው አሮጌ ቤት፣ ጫማ ቀለም የተሞሉ ትንንሽ ዕቃዎችን በወረቀት እየሸፈነ፣ በሲባጎ እያሰረ ይውላል። በቀን 10 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ሽልንግ። እሑድ ሲሆን ወህኒ ሄዶ ቤተሰቡን ይጠይቃል።

አባትየው ከተፈታ በኋላ ከአሠሪው ጋር ተጣላና ልጁ ከሥራ ወጣ። እናቱ ኤልሳቤጥ አሠሪውን አስታርቃ «ይመለስ» አለች። አባትየው «ትምህርት ቤት ይግባ» አለ። ዲከንስ የእናቱን ቃል እንዳልረሳ፣ እንደማይረሳም ጽፏል።

ልጅ ነውና ያማል። እኔም ሳነበው አልቅሻለሁ። ግን እስቲ እናትየው ቦታ ቁሙ! ቤት ሙሉ ልጅ፣ ገንዘብ እጁ ላይ የማይበረክት ባል። 6 ሽልንግ እኮ ቀለብ ናት። ቤቱን ዕዳ ውስጥ የዘፈቀው ማን ነው? አባትየው! እሱ ግን «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» በተባለው የልጁ ልብ ወለድ ላይ ሚስተር ሚካውበር ሆኖ መጣ፤ ከነዕዳው አስቂኝ፣ ከነዕዳው ተወዳጅ። ያባከነው ሲሳቅለት፣ የቆጠረችው ጨካኝ ተባለች። ፊደል ያስቆጠረችው እኮ እሷ ናት!

ወንዶች፣ እዚህ ጋ አታጨበጭቡም?

«ኦሊቨር ትዊስት» የድሆች መጠለያን ጉድ አጋልጧል፤ «ሊትል ዶሪት» ያንኑ ማርሻልሲን ከነግንቡ አሳይቷል። ትልልቅ ሥራዎች ናቸው፣ አልከራከርም። 10 ልጆች ከወለደችለት ከሚስቱ ከካትሪን በ1858 ሲለያይ ደግሞ ስለ መለያየታቸው በራሱ መጽሔት መግለጫ አወጣ። ይህንንም ጨምሩበት።

ኤልሳቤጥ በ1863 ሞተች። እሱ በ1870። በልጅነቱ ጫማ ቀለም ፋብሪካ መሥራቱን ሕዝብ ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው፣ ወዳጁ ፎርስተር ሲያሳትመው። እናትየው መልስ ልስጥ ብትል እንኳ በሕይወት አልነበረችም።

ሰብሳቢ፣ ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ።