ወተት በሌለበት ወራት አጥንታችን ምን ይመገባል?

[ምስል፦ የጾም ገበታ፤ እንጀራ፣ ጎመን፣ ሽሮ፣ ምስር]

ስለ አጥንት ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የምንጠራው ወተትን ነው። ታዲያ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ወተት፣ እርጎና አይብ የማይቀምስ ጿሚ አጥንቱን በምን ያጠነክራል? መልሱ ይህ ገበታ ላይ አለ። ሆኖም አረንጓዴ ቅጠል ሁሉ እኩል አይደለም፤ ገበታው ብቻውንም አይበቃም።

[ምስል፦ የአጥንት ውስጠኛ ክፍል በሥዕል]

በሰውነታችን ካለው ካልሲየም 99 በመቶው የተከማቸው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው። የቀረው ጥቂቱ ልብ እንዲመታ፣ ጡንቻ እንዲኮማተር፣ ነርቭ መልእክት እንዲያስተላልፍ ያደርጋል። ይህ በደም ውስጥ ያለው መጠን መጉደል የለበትም። ስለዚህ ከምግብ ያልተገኘው ከአጥንት ይወሰዳል። አያምም፣ ምልክትም አያሳይም። የአጥንት መሳሳት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው አንዲት እናት ደጃፍ ላይ ተደናቅፈው የእጅ አንጓቸው ወይም ዳሌያቸው ሲሰበር ነው።

አጥንት እስከ 30 ዓመት ገደማ እየደደረ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይሳሳል። ሴቶች የወር አበባ ካቆመ በኋላ ባሉት ከ5 እስከ 7 ዓመታት ውስጥ የአጥንታቸውን እስከ 20 በመቶ ሊያጡ ይችላሉ፤ አጥንትን ይጠብቅ የነበረው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳልና።

[ምስል፦ ጎመንና ቆስጣ ጎን ለጎን]

ለአዋቂ ሰው በቀን 1,000 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይመከራል፤ ዕድሜያቸው ከ50 ላለፈ ሴቶች 1,200። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህል ይሰጣል። 100 ግራም የጤፍ እህል ደግሞ 180 ያህል አለው፤ ከስንዴ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በእህል ውስጥ ያለው ፊታይት የተባለ ንጥረ ነገር ካልሲየምን አስሮ ይይዛል፤ ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ግን ፊታይቱ ይቀንሳል። እናቶቻችን ሊጡን ቀናት ማቆየታቸው ለጣዕም ብቻ አልጠቀመም።

አሁን እነዚህን ሁለት ቅጠሎች ተመልከቱ። ገበያ ላይ ጎን ለጎን ይሸጣሉ፣ ድስት ውስጥም ይመሳሰላሉ። ሰውነታችን ከጎመን ካልሲየም የሚወስደው ድርሻ ከወተት አያንስም። ቆስጣ ግን ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ካልሲየሙን አይለቅም፤ አብዛኛው ሳይጠቅመን ይወጣል። ቆስጣን አትተዉ፣ ለሌላ ብዙ ነገር ይጠቅማል። ለአጥንት ብላችሁ ስትገዙ ግን ጎመኑን አንሡ። ሰሊጥና ተልባም በጾም ቀን ጥሩ ደጋፊዎች ናቸው። ጨው አታብዙ፤ ትርፍ ጨው በሽንት ሲወጣ ካልሲየም ይዞ ይወጣል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ደግሞ ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቷም ከሐኪሟም ጋር ብትመካከር ይሻላል።

[ምስል፦ ጠዋት በግቢ ውስጥ ሕፃን ፀሐይ የምታሞቅ እናት]

ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም በደንብ የሚገባው በቫይታሚን ዲ እርዳታ ነው፤ ቫይታሚን ዲን ደግሞ በዋናነት የምናገኘው ፀሐይ ቆዳችንን ስትነካ ነው። የእናት ጡት ወተት ለሕፃን ተወዳዳሪ የሌለው ምግብ ቢሆንም ቫይታሚን ዲ ግን በጣም ጥቂት ነው ያለው። ምች ይመታዋል ተብሎ ተጠቅልሎ የሚያድግ ሕፃን እግሩ ሊጎብጥ ይችላል፤ ይህም ሪኬትስ ይባላል። ፀሐይ በሞላበት አገር ልጅ በፀሐይ እጦት ሲጎብጥ ማየት ያንገበግባል። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ልብሱን አውልቃችሁ፣ ዓይኑን ከልላችሁ፣ ለጥቂት ደቂቃ አሙቁት። በመስኮት መስታወት በኩል ማሞቅ አይሠራም፤ ሙቀቱ ያልፋል፣ ለቫይታሚን ዲ የሚያስፈልገው ጨረር ግን አያልፍም።

ስቶክሆልም ወይም ኦስሎ ለምትኖሩ ነገሩ ይከብዳል። በዚያ የክረምት ፀሐይ ብትወጣም ያንን ጨረር አታደርስም፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በአረብ አገር ከቤት ሳትወጣ የምትሠራ እህትም፣ ውጭው እሳት ቢሆንም፣ እጥረቱ ሊያገኛት ይችላል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በእንክብልም ይተካል።

[ምስል፦ ደረጃ የሚወጡ ሰዎች]

አጥንት ክብደት ሲያርፍበት ይጠነክራል። መራመድ፣ ደረጃ መውጣት፣ ዕቃ ማንሣት ይጠቅመዋል። ዋና ለልብ መልካም ነው፤ ውኃው ክብደታችንን ስለሚሸከምልን ግን ለአጥንት የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው። ሲጋራና ብዙ አልኮል አጥንትን ያሳሳሉ።

[ምስል፦ ጀርባቸው የጎበጠ አዛውንት]

ቁመታቸው እያጠረ፣ ጀርባቸው እየጎበጠ የመጣ እናት ወይም አባት ካላችሁ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ የጀርባ አጥንት ስብራት ሊሆን ይችላል። በቀላል አወዳደቅ አጥንታቸው የተሰበረም እንደዚሁ። ስብራቱ ታሽቶ ወይም ታስሮ ዳነ ብላችሁ አትቅሩ፤ ሐኪም ዘንድ ወስዳችሁ የአጥንታቸው ጥግግት እንዲለካ ጠይቁ። መሳሳቱን የሚያዘገዩ መድኃኒቶች አሉ።