ጋቢና ለሚቀመጠው እንግዳ

ኮምቦልቻ ላይ ለበጎ አድራጎት የስፖርት መኪና ጉዞ አሽከርካሪዎች፣ መካኒኮችና አስተናባሪዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የየቅሬው (የየእድሩ) ዳኞች፣ መኪናችሁን ከነነዳጁ የሰጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ መካኒኮች፣ ጎሚስታዎች፣ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች፣ ባንዲራ ልትይዙ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? ሸኹም ቄሱም መርቀውናል፤ አሚን ብለናል። የቀረው ሥራ የእኛ ነው፤ እሱም ብዙ ነው።

ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። ትኬት የገዛ ሰው በስፖርት መኪና ጋቢና ተቀምጦ በተዘጋ መም ላይ ሦስት ዙር ይዞራል፤ ገንዘቡ መታከሚያ ላጡ ሕሙማን ይውላል። እንግሊዝ አገር ሲልቨርስቶንና ጉድውድ የሚባሉት ስመ ጥር መሞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ነበሩ። ይህን የምናነሳው ለታሪኩ ብለን አይደለም። ማረፊያ ሜዳ ሰፊ ነው፤ ዳሩ ላይ ዛፍ፣ ግንብ፣ የመብራት ምሰሶ የለበትም። መኪና ስቶ ቢወጣ የሚያገኘው ሣር ነው። እኛ ቋሚ መም የለንም፤ ያለን ለአንድ ቀን የተዘጋ ሰፊ አስፋልት ነው። ግን መመዘኛው ያው ነው፦ ከእያንዳንዱ ኩርባ ውጪ ቢያንስ 30 ሜትር ባዶ ቦታ ይኑር። ቦይ ወይም ምሰሶ የሚቀርብበት ቦታ ካለ ከዚያ በፊት በኮን ጠባብ በር ሠርተን መኪናውን እናዘገየዋለን። መኪናው ይዘገያል እንጂ ምሰሶው አይነሳልንም።

አሽከርካሪዎች፣ ዋናው ጨዋታ ከእናንተ ጋር ነው። ጋቢና የተቀመጠው እንግዳ የፍጥነት መለኪያውን አያየውም። የሚሰማው ሦስት ነገር ነው፦ መኪናው ሲነሳ ጀርባው ወንበሩ ላይ መለጠፉ፣ ፍሬን ሲያዝ ቀበቶው ደረቱን መያዙ፣ ወደ ግራ ስትታጠፉ ጎኑ ወደ በሩ መገፋቱ። ሦስቱም በመካከለኛ ፍጥነት ይገኛሉ። ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 40 ሜትር የሆነ ኩርባ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ብትይዙት እንግዳው በክብደቱ ግማሽ ያህል ወደ ጎን ይገፋል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 30 ኪሎ ጤፍ የተደገፈበት ያህል ነው። ይበቃዋል። ይጮሃል፣ ይስቃል፣ በሩን ይይዛል። ያንኑ ኩርባ በ60 ብትይዙት ግፊቱ ወደ ሰባት አስረኛ ይወጣል። እንግዳው ልዩነቱን እምብዛም አይለየውም፤ ጎማው ግን በደንብ ይለየዋል። አስፋልቱ ላይ ስስ አሸዋ ካለ ለስህተት የሚተርፍ አቅም አይኖረውም።

ቀጥታው ላይ ጣሪያችን 80 ነው። «በስፖርት መኪና 80?» ብላችሁ ፊታችሁን ያጠቆራችሁ ትኖራላችሁ። ሒሳቡን ስሙ። ከ80 ወደ 120 ስትወጡ ፍጥነቱ በግማሽ ይጨምራል፤ ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት ግን 2.25 እጥፍ ይሆናል። በደረቅ አስፋልት ከ80 ለመቆም ፍሬን ከተያዘ በኋላ 35 ሜትር ገደማ ትፈልጋላችሁ፤ ከ120 ግን 80 ሜትር ገደማ። አንድ ሰከንድ ሐሳባችሁ ቢከፈል ደግሞ በ120 ሌላ 33 ሜትር ሄዳችኋል። ያ ሁሉ ባዶ ቦታ የለንም። ደግሞም ይህ ሥራ ቀኑን ሙሉ የሚደጋገም ነው፤ ጠዋት የቻለው ፍሬን ከሰዓት በኋላ ላይችል ይችላል።

ከደሴ የምትመጡ፣ ይህን ለብቻችሁ ያዙት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ የወረደ መኪና እዚህ የሚደርሰው ዲስኩ ግሎ ነው፤ አንድ ዙር ሳይዞር ፍሬኑ ግማሽ መንገድ ደክሟል። በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ከደረሳችሁ በኋላም መኪናው 40 ደቂቃ ይቁም። የጎማ ነፋስ የሚለካው ያኔ ነው። ሙቀቱ እኩል ቢሆን ደሴ ላይ 32 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ እዚህ 31 ገደማ ያነባል፣ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር። ጎማው እንደጋለ ከለካችሁት ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ይልና «በዛ» ብላችሁ ታስተነፍሱታላችሁ፤ ሲቀዘቅዝ ልል ሆኖ ይገኛል። ልኩ የአሽከርካሪው በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ነው፤ ለቀዘቀዘ ጎማ የተጻፈ ነው።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆን ጉልበቱን ያጣል። እሱ አያስጨንቀንም። የሚያስጨንቀው ውሃ እዚህ 94 ዲግሪ ላይ መፍላቱ ነው። ራዲያተሩን የሚያድነው ግፊት የሚይዘው ክዳን ነው፤ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ያለው መኪና በአራተኛው እንግዳ ላይ ይፈላል። ክዳን ርካሽ ነው፣ ቀይሩት። የፈላ ራዲያተር ደግሞ ማንም እንዳይከፍት፤ ጨርቅ ደርቦም ቢሆን።

የመካኒኮች ምርመራ ከዋዜማው ይደረጋል። በማለዳ ከተደረገ ጉድለት የተገኘበትን መኪና ለመመለስ ሁሉም ያፍራል፤ ይሉኝታ ደግሞ መጥፎ መካኒክ ነው። ጎማ፦ ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር ያላነሰ፣ ጎኑ ያልሰነጠቀ፣ ያላበጠ፣ ዳግም ያልተለበጠ። ጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ፤ 2219 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 22ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ከስድስት ዓመት ያለፈውን አንቀበልም፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም፤ ላስቲኩ ደርቋል። የጎማ ዳዶ በቶርክ ረንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ይጠበቅ። ለብዙዎቹ ትንንሽ ቶዮታዎች 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ለሌላው የመኪናው መመሪያ ይታይ። ቱቦ አስረዝሞ በእግር መርገጥ ቡሎኑን ይስባል፣ ቆይቶም ይቆርጠዋል። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት እንግዶች በኋላ ቸርኬው ሲቀዘቅዝ እንደገና ይፈተሽ።

የፍሬን ዘይት ላይ ትንሽ እንቆይ፣ በብዛት የሚረሳው እሱ ነውና። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲችል ይጠበቅበታል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ዶት 3 ከዚያም ያንሳል፦ 205 እና 140። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። እግራችሁ ፔዳሉን ይዞ ወለል ይደርሳል፣ መኪናው ግን ይሄዳል። ምልክት የሚሰጠው ቀደም ብሎ ነው፦ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፣ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ይይዛል። ያን የተሰማው አሽከርካሪ ዙሩን በዝግታ ጨርሶ ይውጣ፣ ለማንም ማስረዳት የለበትም። ዘይቱ ከዓመት በላይ የቆየበት መኪና አይገባም። የፍሬን ሸራው ከግማሽ በታች የሆነም አይገባም።

በ2016 ዓ.ም. ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፣ ለዚህም ዝግጅት የሚመጣ አለ። ለእንግዳ ደስታ አይታማም፤ ሲነሳ ማርሽ ሳይጠብቅ ይወረወራል። ግን ባትሪው ከባድ ስለሆነ ጎማና ፍሬኑን ይበላል፣ ድምፅ ስለሌለውም መሳፈሪያው ላይ ሰው ሳያየው ይጠጋል። ስለዚህ መሳፈሪያ ሲደርስ ማርሹ ፒ ላይ ይሁን። ባትሪው ጢስ ካሳየ ሰው አርቁ፣ የእሳት አደጋ መኪና ጥሩ፣ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። በ6 ኪሎ ዱቄት ማጥፊያ የባትሪ እሳት ለመግደል አትሞክሩ። ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ብርቱካንማ ገመድ አትንኩ።

አሁን ወደ መሳፈሪያው። በእኛ ግምት ትልቁ አደጋ ያለው ኩርባው ላይ ሳይሆን እዚህ ነው፦ የጋለ መኪና፣ የቸኮለ ሰው፣ ፎቶ የሚያነሳ ዘመድ፣ እግር ሥር የሚሽሎከለክ ልጅ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። መኪናው ይቆማል፤ የእጅ ፍሬን አይሳብም፤ የጋለ ሸራ ሊጣበቅ፣ ዲስኩም ሊጣመም ይችላል። በምትኩ ረዳቱ ከጎማው ፊትና ኋላ ታኮ ያደርጋል። ታኮው ከገባ በኋላ አሽከርካሪው ሁለት እጁን መሪው አናት ላይ አድርጎ ያሳያል። እጁ ሳይታይ ማንም በር አይከፍትም። በመኪናው ፊት ለፊት ማንም አይሻገርም፣ ከኋላ ዞሮ ይመጣል።

እንግዳው ከመግባቱ በፊት ኪሱን ባዶ ያደርጋል፦ ስልክ፣ ቁልፍ፣ ሳንቲም። የውሃ ፕላስቲክ በምንም ዓይነት አይገባም፤ ተንከባልሎ ፍሬን ፔዳል ሥር ከገባ ፔዳሉ አይወርድም። መስታወት ላይ የተንጠለጠለ ሙስባሃም መስቀልም ለዕለቱ ይውረድ። ጋቢም ካፖርትም ይወልቅ፤ ቀበቶው ከልብሱ ጋር ይላላልና። የነጠላና የሻሽ ጫፍ ወደ ውስጥ ይጠቅለል፤ በር ላይ የተያዘ ጫፍ አንገት ያንቃል። ሄልሜት የሚያደርጉ እህቶች ከሒጃባቸው ላይ ስፒሉን ያውጡ፤ ከሄልሜት ሥር የተረሳ ስፒል ራስ ይወጋል። ለዚህ ሴት አስተናባሪዎች የሚቆሙበት የተጋረደ ቦታ ይዘጋጃል።

ቀበቶ፦ የታችኛው ማሰሪያ ሆድ ላይ ሳይሆን የዳሌ አጥንት ላይ፣ ያልተጠማዘዘ፣ የላይኛው ማሰሪያ አንገት ሳይነካ በትከሻ መሐል የሚያልፍ። ባለ አምስት ማሰሪያ የውድድር ቀበቶ ያለው መኪና ከሆነ መጀመሪያ የዳሌው ይጠበቃል፣ ቀጥሎ የትከሻው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የትከሻው የዳሌውን ወደ ሆድ ይስበዋል። እንግዳው ራሱ አንድ ጊዜ ፈትቶ ያሳይ። ሄልሜት ሲነቀነቅ የእንግዳው ቆዳ አብሮት ካልተንቀሳቀሰ ሰፊ ነው። የሞተር ብስክሌት ሄልሜት እሳት የሚቋቋም ሽፋን እንደሌለው እወቁ።

ቁመቱ 150 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ልጅ አይዞርም። «ጭኔ ላይ ላድርገው» የሚሉ ይኖራሉ። በ50 ኪሎ ሜትር ግጭት 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ከመቶ ኪሎ በላይ ሆኖ ከክንድ ያመልጣል፤ ይህን ክንድ የሚችል የለም። ለትንንሾቹ በታኮ የታሰረ መኪና ለብቻው ይቁም፤ መሪውን ይዘው ክላክስ ይንፉ፣ ፎቶ ይነሱ። እመኑን፣ ረጅሙ ሰልፍ እዚያ ነው የሚሆነው። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ጀርባውን ወይም አንገቱን የታከመ ሰው አይዞርም፤ ጥያቄው ትኬት ሲሸጥ ይጠየቅ እንጂ ሰው ፊት በር ላይ አይሁን።

በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጡ እንግዶቻችን ከማንም ያነሰ መዞር የለባቸውም። የስፖርት መኪና ወንበር ዝቅ ያለ ነው። መጀመሪያ ሰውየውን «እንዴት ይሻልዎታል?» በሉት፤ የሚያውቀው እሱ ነው። በብብት አንጠልጥሎ ማንሳት ትከሻ ይጎዳል። ወንበሩ ላይ ፌስታል አንጥፋችሁ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥ፣ ከዚያ እግሩ ይዙር፤ ፌስታሉ ያዞረዋል። ታዲያ ከመነሳታችሁ በፊት አውጡት፣ ያንሸራትታልና። ዓይነ ስውር እንግዳ ከሆነ እጁን በሩ አናት ላይ አሳርፉለት፣ እየዞራችሁም ቀጥሎ የሚመጣውን ንገሩት፦ «አሁን ግራ፣ አሁን ፍሬን።»

እንዲያውም ለሁሉም ተናገሩ። የሚያስታውከው በብዛት ኩርባው ሳይታወቅ ሲመጣ ነው፤ እናንተን የማያስታውካችሁ መሪውን የያዛችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ነው። ዓይኑ ሩቅ ይይ፣ መስኮቱ ትንሽ ይከፈት፣ ፌስታል በር ኪስ ውስጥ ይኑር። ምልክታችን፦ አውራ ጣት ወደ ላይ «ደግ ነው»፣ ዳሽቦርድ በመዳፍ መምታት «ቀንስ»። ሲመታ ቀንሱ። አትሳቁበት፣ «አብሽር» ብላችሁም አትጨምሩበት። ሦስተኛው ዙር ያለ ፍሬን በዝግታ ነው፤ ዲስኩና ሞተሩ የሚቀዘቅዙበት ነው። አምስት ሰዓት ላይ ጓደኞቻችሁ ዳር ቆመው ሲያጨበጭቡ ያ ዙር ሊረሳ ይችላል፤ ረስቶ የገባ መኪና 20 ደቂቃ ይቆማል። ጫት ለቃመ ሰው ደግሞ ቁልፍ አይሰጥም። ምርቃት እንጂ ምርቃና ይዞ መሪ አይጨበጥም። የሚጾም አሽከርካሪ ጠዋት ጠዋት ይመደብ።

ባንዲራ ያዦች፣ ቢጫ ቀንስ፣ ቀይ በዝግታ ቁም ነው። እያንዳንዳችሁ ቀጣዩን ባንዲራ ያዥ ማየት አለባችሁ። ከኩርባው ውጪ በኩል አትቁሙ፣ ለመኪና ጀርባ አትስጡ። ፍየልም ሆነ ልጅ ገመዱን ካለፈ ቀይ ነው፣ ጥያቄ የለውም። ናፍጣ ወይም ዘይት ከፈሰሰ ሰጋቱራ ይበተናል፣ ይጠረጋል፣ ከዚያ አሸዋ። ዝናብ ካካፋ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከዶፉ ይከፋል፣ አቧራና ዘይቱ ገና ስላልታጠበ፤ እናቆማለን። አምቡላንሱ ሕመምተኛ ይዞ ከወጣ እስኪመለስ ወይም ሌላ እስኪተካ ሁሉም መኪና ይቆማል።

ስለ ገንዘቡ፦ አንድ መኪና ከመጫን እስከ ማውረድ 10 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በሰዓት አራት ሰው ወስዶ 20 ደቂቃ ያርፋል። 8 መኪና በ4 ሰዓት 128 ሰው ነው። 110 ትኬት ብቻ እንሸጣለን፤ ቀሪው ለብልሽት ነው። ትኬቱ ቁጥር አለው፣ ጉራጁ ይቀራል፣ እንደ ቅሬ መዝገብ ሦስት ሰው ቆጥሮ ሦስት ሰው ይፈርማል። መኪናው ዘንድ ብር አይሰጥም። «ጨምሬ ልክፈል፣ ፍጠንልኝ» ያለውን ወደ ሣጥኑ ምሩት፤ ጭማሪው ለሕሙማኑ ይግባ፣ ፍጥነቱ ያው ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ያላችሁ ይህን ቀን መሸፈኑን ከመድን ሰጪያችሁ በጽሑፍ አምጡ፤ ወረቀት የሌለው መኪና ለልጆቹ ፎቶ ይቆማል።

ኮን የሚደረድሩ ጠዋት 12 ሰዓት ይገናኛሉ። አስፋልቱ በእግር ሙሉውን ይታያል፣ ጠጠርና ሚስማር ይለቀማል። አሽከርካሪዎች 1 ሰዓት፣ የመጀመሪያው እንግዳ 2 ሰዓት ተኩል። ታኮ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ 16 ያስፈልገናል፣ እስካሁን የተገኘው 9 ነው።