መዋጮው ለቅሶ ላይ ሲመጣ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ውስጤ ሲብላላ የቆየ ነገር አለ፤ እሱን ላውራችሁ።

ነገሩ የጀመረው ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ነው። ታስታውሱ እንደሆነ በዚያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ነበረች። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለነጋዴዎች የሽያጭ ሶፍትዌር ያዘጋጃል፤ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ቀን በእኛ አቆጣጠር ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ስልካችን መጮህ ጀመረ። የሚታተመው ሁሉ "መስከረም 1 ቀን 2016" ይላል። የዓመት በዓል ዋዜማ ነው፣ ገበያው ደርቷል፣ የቀኑን ሒሳብ ሊዘጋ የሚፈልግ ሁሉ ግራ ገባው።

ስንፈትሽ ስህተቱ እኛ የጻፍነው ኮድ ውስጥ አልነበረም። ቀን ለመቀየር የምንጠቀምባት ትንሽ ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ አለች፤ ሌላ ሰው ጽፎ ማንም እንዲጠቀምባት የለቀቃት ዝግጁ ኮድ ማለት ነው። ለእሷ ጳጉሜ ሁልጊዜ አምስት ናት። እኔ በንዴት ላይብረሪዋን ለሠራው ሰው መልእክት ላክሁ። ሰላምታ እንኳ የለውም። "ደንበኞቻችን ተቸግረዋል፣ ዛሬውኑ አስተካክል" ነው ያልኩት። ማታ መለሰልኝ፤ ይቅርታ ጠየቀኝ። ተማሪ ሳለ እንደሠራት፣ አሁን ሌላ መደበኛ ሥራ እንዳለው፣ ቅዳሜ ቁጭ ብሎ እንደሚያያት ነገረኝ።

ያ ይቅርታ እስካሁን ይከነክነኛል። በሥራው የምናተርፈው እኛ፣ ይቅርታ ጠያቂው እሱ።

ከበዓሉ በኋላ አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ለዚህ ሰው አንድ ነገር እናድርግ አልኩ። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም። በቅንነት ነው "በነፃ የተሰጠ አይደል እንዴ?" ያለኝ። የምመልሰው አጣሁ። እንግዲህ ዛሬ የማወራችሁ ያን ቀን ያጣሁትን መልስ ነው።

አያችሁ፣ "ነፃ" እና "በነፃ" በአንዲት "በ" ነው የሚለያዩት። ኮዱ ነፃ ነው ሲባል ማንም ሊያየው፣ ሊቀይረው፣ ለሌላ ሊያካፍለው ይችላል ማለት ነው። የሚንከባከበው ሰው ጊዜ ግን ነፃ አይደለም። ብዙዎቻችን ኦፕን ሶርስን በደቦ እንመስለዋለን፤ እኔም ሳስተምር እንደዚያ እል ነበር። ግን ደቦ የጠራ ገበሬ ባዶ እጁን አይጠብቅም። ጠላው ተጠምቆ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ ነው ሰው የሚመጣው። ነገ ጎረቤቱ ሲጠራው ደግሞ ማጭዱን ይዞ ይሄዳል። እኛ ግን አጭደን፣ ወቅተን፣ እህሉን ጎተራ አስገብተን ስናበቃ አጫጆቹ ምሳ ይብሉ አይብሉ አልጠየቅንም።

ይሄ የአንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት ነገር ብቻ ቢሆን ባልከፋ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የማነሳቸው የውጭ ታሪኮች ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ2014 ኤፕሪል ውስጥ ሃርትብሊድ የተባለው የደህንነት ቀዳዳ ይፋ ሆነ። ቀዳዳው የነበረው ኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ ነው፤ ከድረ ገጾች ጋር የምንለዋወጠውን መረጃ በመንገድ ላይ ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚቆልፈው ሶፍትዌር። የባንክ ይለፍ ቃል ሳይቀር በዚህ ቁልፍ ነው የሚያልፈው። ስህተቱ ሁለት ዓመት ያህል ማንም ሳያየው ተቀምጧል። ለምን እንዳልታየ ሲጠየቅ የወጣው መልስ ነው እኔን ያስደነገጠኝ፦ ፕሮጀክቱ በዓመት የሚያገኘው ልገሳ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ የሚሠራበት ደግሞ አንድ ሰው። ግማሹ ዓለም የተደገፈበት ግድግዳ ማለት ነው።

ወሬው በተሰማ በሳምንቱ 9,000 ዶላር ገደማ ተዋጣ፤ አብዛኛው አምስትና አሥር ዶላር እየሆነ፣ ከተራ ሰዎች። ግለሰቦቹ ቀድመው ደረሱ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከዚያ በኋላ ኦፕን ሶርስን በሚደግፈው ድርጅት፣ በሊነክስ ፋውንዴሽን ሥር ተሰባሰቡ፤ ጉግል፣ ማይክሮሶፍት፣ ፌስቡክ፣ አማዞን፣ ሌሎችም፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ ለሦስት ዓመት በየዓመቱ 100,000 ዶላር ለመስጠት ቃል ገቡ። ጥሩ ነው፣ ለውጥም አምጥቷል። ግን ለቅሶ ላይ የመጣ መዋጮ ነበር።

እኛ አገር እድርን እድር ያደረገው ምንድን ነው? ሰው ከመሞቱ በፊት በየወሩ መከፈሉ ነው። ድንኳኑ ቀድሞ ተገዝቶ ይቀመጣል። ማንም ባልሞተበት ወር "ዘንድሮ ምን ጥቅም አገኘሁ?" ብሎ መዋጮውን የሚያቋርጥ የለም። ሶፍትዌርም የሚያስፈልገው ይሄው ነው። በየወሩ የምትመጣ ትንሽ ገንዘብ፣ አደጋ ከደረሰ በኋላ ከምትመጣ ትልቅ ቼክ በጣም ትሻላለች፤ ሰው በእሷ ላይ ኑሮውን ማቀድ ይችላላ።

ቬርነር ኮህ የሚባል ጀርመናዊ አለ። ጂኑፒጂ የተባለውን የኢሜይል ማመስጠሪያ ከ1997 ጀምሮ ይጽፋል። ጋዜጠኞችና የመብት ተሟጋቾች ምስጢራቸውን የሚጠብቁበት መሣሪያ ነው። በ2013 ገንዘቡ አልቆበት ሊተወው ደርሶ ነበር። በ2015 መጀመሪያ ላይ ችግሩ በዜና ሲወጣ ፌስቡክና የክፍያ ኩባንያው ስትራይፕ በየዓመቱ 50,000 ዶላር እያንዳንዳቸው ለመስጠት ተነሱ። ደስ ይላል። ግን ዜናው ባይጻፍስ?

ደግነቱ በትክክል የሚደግፉም አሉ። ሊነክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት እምብርት፣ የከርነሉን አብዛኛውን ኮድ ዛሬ የሚጽፉት የኩባንያ ደመወዝተኞች ናቸው፤ ኢንቴል፣ ሬድ ሃት፣ ጉግል የሚከፍሏቸው። ጽድቅ ፍለጋ አይደለም። እያንዳንዱ ለብቻው ቢሠራው ወጪው አይቻልም፣ አብሮ መሥራቱ ይረክሳል። ጀርመን ደግሞ በ2022 በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ፈንድ አቋቁማ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸውን መሠረታዊ ሶፍትዌሮች ለመንከባከብ ትከፍላለች። መንገድ ትጠግን የለ? ይሄም መንገድ ነው። የአንድሮይድ ስልካችሁ ላይ ሀሁ ባዶ ሳጥን ሆኖ እንዳይታይ ያደረገው ኖቶ የተባለው ፊደልም ጉግል ገንዘብ አውጥቶ አሠርቶት ለሁሉም የለቀቀው ነው።

ወደ አገራችን የሚቀርበው ምሳሌ ግን ዲኤችአይኤስ 2 ነው። ጤና ጣቢያ የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ ጠይቁት፤ የወሩን ሪፖርት የሚያስገባበት ሥርዓት ነው። በ1990ዎቹ ደቡብ አፍሪካ፣ ከአፓርታይድ ማግስት ተጀመረ፤ ዛሬ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያስተባብረዋል፤ የኖርዌይ የልማት ተቋም ኖራድና ግሎባል ፈንድ ከደጋፊዎቹ መካከል ናቸው። ገንዘቡ ለአንድ ሰሞን ፕሮጀክት ተብሎ የመጣ አይደለም፣ ዓመታት ዘልቋል። ስለዚህ ስህተት ሲገኝ ማየት ሥራው የሆነ ሰው አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሌላ አገር ግብር ከፋይ የሚንከባከበውን መሣሪያ እኛ እየተጠቀምን የራሳችንን ማጭድ ምን ያህል እንደያዝን ሳስበው እጨነቃለሁ።

ገንዘብ ብቻም አይበቃም። በ2024 ማርች ላይ የተገለጠውን የኤክስዜድ ነገር ሰምታችኋል? በብዙ ሰርቨሮች፣ ማለትም ድረ ገጾችንና አገልግሎቶችን በሚያስተናግዱ ኮምፒውተሮች ላይ ያለ ትንሽ የፋይል ማመቂያ ነው፤ አንድ ሰው በትርፍ ጊዜው ነበር የሚይዘው። የማይታወቁ ሰዎች "ለምን ዘገየህ? ካልቻልክ ለሌላ አስረክብ" እያሉ ያስጨንቁት ነበር። በመሃል አንድ ትሑት ረዳት መጣ፤ ከሁለት ዓመት በላይ እየሠራ አመኔታ አገኘና ድብቅ በር አስገባ። ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው፤ የማይክሮሶፍት ሠራተኛ፣ ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት ሶፍትዌር ዴቨሎፐር። ወደ ሰርቨር መግባት በግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበትና ለምን ብሎ ቆፈረ። ግማሽ ሰከንድ! እንዲህ ዓይነት ነገር ለመከታተል ጊዜ ያስፈልጋል፤ እሱ ጊዜውን የሚከፍልለት መሥሪያ ቤት ነበረው።

እነዚያን የሚያስጨንቁ መልእክቶች ሳነብ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። የእኔን ይመስላሉ። ጳጉሜ 6 ጠዋት የላክሁትን።

አለቃዬ ቢሮ እንደገና ገባሁ። ስለ ሃርትብሊድም ስለ እድርም ነገርኩት። ዶላር ወደ ውጭ መላክ ለእኛ እንደማይሆን ነገረኝ፤ እውነቱን ነው። ከዚያ ትንሽ ዝም አለና "ጊዜ ብንሰጥስ?" አለኝ። አሁን አርብ ከሰዓት ሁለት ሰዎች የምንጠቀምባቸው ላይብረሪዎች ላይ እንሠራለን፤ በመሥሪያ ቤቱ ሰዓት፣ በመሥሪያ ቤቱ ደመወዝ። መጀመሪያ የሄድነው ወደ ጳጉሜዋ ነው። እርማቱን ልጁ ያኔውኑ ቅዳሜ ጨርሶት ነበር፤ እኛ በራሳችን አቆጣጠር ከ1900 እስከ 2100 ያለውን እያንዳንዱን ጳጉሜ የሚፈትሽ ኮድ ጻፍንለት። ስንልክለት ከላይ ሰላምታ አስቀደምኩ፤ ከዚያ ለዚያ ቀን መልእክቴ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ቀጣዩ ጳጉሜ 6 በ2019 መጨረሻ ነው።