መጀመሪያ ንግግሩ፣ ከዚያ ንድፈ ሐሳቡ

የተከበራችሁ የተግባቦት መምህራን፣

ተማሪዎቻችን የንድፈ ሐሳቦቹን ስም ፈተና ላይ አሳምረው ይጽፋሉ። ከጓደኛ ጋር ሲጣሉ ግን አንዱም ትዝ አይላቸውም። ጥፋቱ በአመዛኙ የቅደም ተከተላችን ይመስለኛል፤ ብያኔውን ቀድመን ሰጥተን «ምሳሌ አምጡ» ስንል ተማሪው ለብያኔው የሚስማማ ምሳሌ ይፈጥራል።

ስለዚህ ተማሪው በዕለቱ ካደረገው ንግግር 3 ወይም 5 ደቂቃ ያህሉን፣ የሚያስታውሰውን ያህል ቃል በቃል ይጻፍ። ገጹን ለሁለት ከፍሎ በግራ የተባለውን፣ በቀኝ እሱ የተረጎመውን ያስፍር። «ተቆጣችኝ» የቀኝ ነው፤ «ድምጿን ከፍ አድርጋ ‹በቃ› አለች» የግራ ነው። ከባዱ ሥራ ይኸው ስለሆነ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢወስድ አይቆጨን።

ንድፈ ሐሳቡ ከዚህ በኋላ ጥያቄ ሆኖ ይግባ። ታላቅ እህት «ስለምትደብቂኝ ነው የምጠይቅሽ» ትላለች፤ ታናሿ ደግሞ «ስለምትጠይቂኝ ነው የምደብቅሽ»። የተግባቦት ተመራማሪዎቹ ዋዝላዊክ፣ ቢቪንና ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳስረዱት እያንዳንዷ የዚያኑ አንድ ዑደት መነሻ በሌላዋ ላይ እያደረገች ነው። ተማሪው ታሪኩን ከጀመረበት መስመር ሦስት መስመር ወደ ኋላ ሄዶ እንደገና ይጀምር፤ ጥፋተኛው ይቀየር እንደሆነ ይይ።

ሰዎች ስለ ራሳቸው በመግለጥ እንዴት እንደሚቀራረቡ የሚያስረዳው የአልትማንና ቴይለር ንድፈ ሐሳብ (እ.ኤ.አ. 1973) በተደጋጋሚ ይጣመማል። ተማሪዎች «ብዙ ምስጢር ማውጣት ያቀራርባል» ብለው ይይዙታል፤ ቀስ በቀስና በመመላለስ የሚለው ክፍል ይረሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ገለጣ አጸፋ አግኝቶ እንደሆነ በጽሑፉ ላይ ምልክት ያድርጉ። ሰዎች ስለ ሌላው ያላቸውን እርግጠኛ አለመሆን በመጠያየቅ እንደሚቀንሱ የሚያስረዳው የበርገርና ካላብሬዝ ንድፈ ሐሳብ (እ.ኤ.አ. 1975) ደግሞ መነሻው የእንግዳ ሰዎች የመጀመሪያ ትውውቅ ነው፤ የአሥር ዓመት ወዳጅነት ላይ መጫን አያዋጣም።

ሌላው አደጋ ንድፈ ሐሳቡን ሌላውን በክርክር ለመርታት መጠቀም ነው። «አንተ የምክንያት አሰጣጥ ስሕተት አለብህ» (የሰውን ድርጊት ከሁኔታው ይልቅ በጠባዩ ታሳብባለህ ማለት ነው) የሚል ተማሪ የቤተሰቡን እራት ያበላሻል እንጂ ምንም አልተማረም። ሕጉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ የሚመረመረው የጸሐፊው የራሱ መስመር ነው።

ሌላኛው ተናጋሪ ለዚህ ፈቃድ አልሰጠምና ስምና መለያ ይቀየር። ጥቃት ያለበት ግንኙነት ለክፍል ሥራ አይመረጥም፤ በጽሑፉ ከታየም ተማሪው በግል ወደ ምክር አገልግሎት ይመራ። ነጥብ የምንሰጠው የተባለውን ከትርጓሜው በመለየቱና አማራጭ መነሻ በመፈለጉ ይሁን፤ በገለጠው ምስጢር መጠን ከሰጠን ተማሪውን ምስጢር እንዲሸጥልን እናስለምደዋለን።