ንብ የምታየውን አበባ ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

ከደብረ ብርሃን የደወሉ አድማጭ፦ «ንቦች አበባ ላይ እኛ የማናየው ምልክት ያያሉ ሲባል ሰማሁ። በስልኬ ባነሳው ይወጣል?»

አይወጣም። የእኛ ዓይን የሚያየው የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ የሆነውን ብርሃን ነው። ንብ ከ300 ገደማ ጀምራ፣ አልትራቫዮሌት የሚባለውን እኛ የማናየውን ብርሃን ጭምር ታያለች፤ ቀይ ላይ ግን እኛ እንበልጣታለን። ካሜራ ደግሞ ለሰው ዓይን የተሠራ ነው። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ፊት አልትራቫዮሌትን የሚከለክል መስታወት አለበት።

ምልክቱ ግን እውነት ነው። የሱፍ አበባን ይውሰዱ። ለእኛ ዙሪያውን ያሉት ቅጠሎች ከጫፍ እስከ ሥር ቢጫ ናቸው። በአልትራቫዮሌት ሲነሱ ጫፋቸው ይነጣል፣ ሥራቸው ይጠቁራል። ለንቧ «እዚህ እረፊ» የሚል ክብ የተሳለላት ይመስላል። በአደይ አበባ ወገን ውስጥም እንዲህ ያለ ክብ ያላቸው አሉ። መስከረም ላይ አደይን መሞከር ነው እንግዲህ!

ከሐዋሳ ፎቶ አንሺ፦ «አሮጌ ካሜራ አለኝ። ምን ላድርገው?»

ያንን መስታወት በባለሙያ ያስነሱት። በራስዎ አይፍቱት፤ ፍላሹ ውስጥ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ክፉኛ ይነዝራል። ሌንስ ላይ ገንዘብዎን አያፍስሱ። የዘመኑ ውድ ሌንስ መስታወቱም ሽፋኑም ብዙ ስለሆነ አልትራቫዮሌቱን ውጦ ያስቀረዋል። ድሮ ፎቶ ቤቶች ለማተሚያ የሚጠቀሙበት የማጉያ ሌንስ፣ ለምሳሌ አሮጌው 80 ሚሊሜትር ኤል-ኒኮር፣ ይሻልዎታል።

ፊልተሩ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሱቅ «ዩቪ ፊልተር» ብሎ የሚሸጥልዎት አልትራቫዮሌትን የሚያግድ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት እሱን ብቻ አሳልፎ ሌላውን ሁሉ፣ ከቀይ ወዲያ ያለውንና የማናየውን ኢንፍራሬድንም ጭምር፣ የሚያግደውን ነው። ኢንፍራሬድ ሾልኮ ከገባ ጥቁር መሆን ያለበት ክብ ነጥቶ ይወጣል።

ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ይትከሉ። አንዱን በተራ ብርሃን፣ ሌላውን በአልትራቫዮሌት፣ ሳያነቃንቁ ያንሱ። ሁለተኛው ሴኮንዶች ሊፈጅ ስለሚችል ነፋስ ሳይነሳ ይቅደሙ። ፎከሱም ትንሽ ስለሚሸሽ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ f/8 ወይም f/11 ያጥብቡት። ደጋ ወጥተው ቢያነሱ ደግሞ ያግዝዎታል፤ በየ1000 ሜትሩ አልትራቫዮሌቱ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ከአዲስ አበባ፦ «ማታ በብር መፈተሻ መብራት ሳየው አበባው አበራ። ያው አይደለም?»

አይደለም እህቴ። እሱ አበባው የመብራቱን አልትራቫዮሌት ውጦ የሚመልሰው ተራ ብርሃን ነው፤ ስልክዎም ያነሳዋል። ያምራል፣ ግን ንቧ ቀን የምታየው እሱን አይደለም። መብራቱን ብቻ ወደ ዓይንዎ አያዙሩት።