ለኤንትሬ ቀበቶ ማሰር

እንደምን አረፈዳችሁ! የአሮጌ መኪና ባለቤቶች፣ ሾፌሮች፣ በተለይ ደግሞ እናንተ ረዳቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስለ ኤንትሬ፣ ስለ አሮጌው የፊያት 682 ጭነት መኪና ነው የማወራችሁ። ፊያት 682 ከፋብሪካ መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን ዛሬ የምናውቀውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ያመጣው ደግሞ በ1959። የ682 ዘር ቀበቶውን በሰባት ዓመት ይበልጠዋል፤ ጋቢናው ላይ ማሰሪያ ብትፈልጉ አታገኙም።

"ታዲያ ገዝቶ ማሰር ነዋ!" ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። የመጀመሪያውን ቀበቶ የጋቢናው ወለል ላሜራ ላይ፣ በስቼ፣ በቡሎንና በዳዶ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። በእጄ ብጎትተው ንቅንቅ የለም። ኮራሁ። አንድ አዛውንት በያጅ ግን ሳቁና "እስቲ ሞተር በምታወርድበት ሰንሰለት ጎትተው" አሉኝ። ጎተትነው። ቡሎኑ ከነሮንዴላው ላሜራውን ቀዶ ወጣ። የቀዳዳው ዙሪያ እንደ ድርቆሽ ይፈረፈር ነበር።

ከዚያ ወዲህ የዛገውን ቆርጬ አወጣለሁ፣ አዲስ ላሜራ እበይዳለሁ፣ ከሥሩ መዳፍ የሚያህል ወፍራም ብረት አደርጋለሁ። ጉተታው በሰፊው ያርፋል። ቡሎኑም ለቀበቶ የተሠራ እንጂ ከጣሳ የተለቀመ አይደለም። ጣሳዋን መቼም ታውቋታላችሁ!

"ሻንሲው ላይ (ጋቢናውን ከሥር የተሸከመው የብረት አጽም ላይ) እሰርልኝ፣ እሱ አይበጠስም" የሚል ደንበኛ አይጠፋም። አይሆንም። ጋቢናና ሻንሲ አንድ አካል አይደሉም። በግጭት ጋቢናው ቢላቀቅ፣ ወንበሩ ወደ ፊት ሲሄድ ቀበቶው ሰውየውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። የላይኛው ማሰሪያ ከትከሻ በታች ከሆነም አከርካሪን ይጫናል። ለላይኛው ጠንካራ ቦታ ካጣሁ የወገብ ቀበቶ ብቻ አስራለሁ፤ እሱም ሆድ ላይ ሳይሆን ዳሌ አጥንት ላይ።

ፍሬን ግን ይቅደም። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ስትወርዱ የፍሬን ሸራ ሲግል የሚሸተውን ለእናንተ አልነግርም።

አንድ ነገር ላይ አልደራደርም። "ለሾፌሩ ብቻ" የሚለኝን አልሠራለትም። አንድ ረዳት "ጎማ ሥር ታኮ ለማድረግ ዘልዬ የምወርደው እኔ፣ እንዴት ልታሰር?" አለኝ። እውነቱን ነው። ግን መፍቻዋ በአውራ ጣት አንድ ጫን ነች። አስር ጊዜ አስፈታሁት፤ መጨረሻ ላይ ሳያይ ይፈታ ጀመር።

ኤንትሬዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ሰንሰለቱም አለ። ኑ፣ እንጎትተው።