ጉልበት ሲታሽ

ዮናስ፦ ሐምሌ ገባ። በጎንደር ብርድ ጉልበቱን የማያማርር ሰው አገኘሽ?

ትርንጎ፦ እናቴ እኮ ከሁዳዴ ጀምራ ነው። ንስሐ አባቷ «ቆመሽ ጸልዪ» ቢሏትም ስግደቱን አልተወችም። ማታ ማታ ቅቤ ሞቅ አድርጌ የማሻት እኔ ነኝ። እፎይ ብላ ትተኛለች። ጠዋት ግን ያው ናት። መታሸት ያድናል ወይስ ያስታግሳል?

ዮናስ፦ ያስታግሳል። በዕድሜ የሚመጣው የጉልበት አርትራይተስ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት የሚሳሳበት ነው። ያንን በማሸት መመለስ አይቻልም። ግን ጉልበት ሲያም የጭንና የባት ጡንቻም አብሮ ይጨመደዳል። የሚላላው እሱ ነው።

ትርንጎ፦ እኔ እኮ የጉልበቷን ሎሚ ነው ስፈትግ የከረምኩት!

ዮናስ፦ ጭኗ ላይ ብትቆዪ ይሻላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት የተለያየ የእሽት መጠን አነጻጽሮ ነበር። በሳምንት አንዴ፣ 60 ደቂቃ የታሹት በ8 ሳምንት ህመማቸው ቀለል ብሏል። ሁለቴ መታሸቱ ያን ያህል ትርፍ አላመጣም። በ2019 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ከ200 በላይ ሰዎችን ዓመት ሙሉ ተከታትሏል። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር፤ በዓመቱ ግን የታሹት ካልታሹት ብዙም አልተሻሉም።

ትርንጎ፦ ለዚህ ይሆናላ የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ የሚባለው የመገጣጠሚያ ሐኪሞች ማኅበር በዚያው ዓመት መመሪያው ለጉልበትና ለዳሌ አርትራይተስ እሽትን ያልደገፈው። በጥብቅ የመከረው እንቅስቃሴን ነው። ለሩማቶይድ አርትራይተስ ግን በ2022 እሽትን ከሌላው ሕክምና ጋር ደግፎታል።

ዮናስ፦ ሩማቶይድ ሌላ ነው። የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። መድኃኒቱን ጥሎ እሽት ላይ መንጠልጠል ጣት ያጣምማል።

ትርንጎ፦ ወጌሻ ጋስ?

ዮናስ፦ በወጌሻ አትምጪብኝ፣ እኔንም ስንቴ አሽተውኛል! ግን «ካላስጮኸ አልታሸም» የሚባለውን አልወደውም። ያበጠ፣ የቀላ፣ ሲነኩት የሚያተኩስ መገጣጠሚያ አይታሽም። ድንገት ካበጠና ትኩሳት ካለው ሐኪም ይየው፤ መገጣጠሚያው ውስጥ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። አንድ ባት ብቻ አብጦ ካመመም የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል እጅ አይነካውም። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ በኃይል አይታሽ።

ትርንጎ፦ እናቴ እንዲህ ያለ ነገር የላትም። ታዲያ ልተወው?

ዮናስ፦ ለምን ትተዪዋለሽ! ሰዓቱን ቀይሪው። ጠዋት አሻሽተሽ ሲላላላት ወንበር ላይ ትቀመጥ። አንድ እግሯን ቀጥ አድርጋ ትዘርጋ፣ አምስት እስክትቆጥር ትያዝ፣ ቀስ ብላ ታውርድ። ከዚያ ሌላውን። ሲለምድላት ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ትጨምር። ጉልበቷን የሚደግፍላት የጭኗ ጡንቻ ነው።

ትርንጎ፦ እሷ እንኳን ስፖርት ልትሠራ…

ዮናስ፦ ስፖርት አትበያት። ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውሰጃት። ካንቺ ይልቅ ጋዋን የለበሰ ሰው ሲነግራት ትሰማለች።

ትርንጎ፦ ይኼስ እውነት ነው። እንቅስቃሴው ሲያማትስ?

ዮናስ፦ ትንሽ ቢሰማት አትደንግጪ። በማግስቱም ካልለቀቃት ግን ቁጥሩን ቀንሺላት።